በሳሙና ሳጥን የተናገረው ባሌ

የበደለኝ ኪዳነ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም። ጊዜውም በ2007 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቦታው መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ፣ የገዛ ቤቴ ሳሎን፣ ሁለት ሽማግሌዎች በተቀመጡበት። ስሙን የምጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። እሱም የኔን ስም በየቤቱ ሲጠራው ኖሯል። "የወንድሜን አፍ የቀማች ሴት" ይለኝ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን በደሌን እንደ ማመን የቆጠሩት ስላሉ፣ አሁን የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ከደሴ ወደ መቐለ የመጣሁት የፊዚክስ መምህርት ሆኜ ነው። ሓጎስን ያገኘሁትም ያገባሁትም እዚሁ ነው። የመሬት ቀያሽ ነበር፤ ትንሽ የሚናገር፣ የተናገረውን የማይመልስ ሰው። ልጅ አልወለድንም። ይህን ቤተሰቡ አንድም ቀን በአፉ አላነሣብኝም፤ በዓይኑ ግን አንሥቶት ያውቃል። ጡረታ ስወጣ ጎረቤቶቼ ዶሮ ማርባት ሲጀምሩ እኔ ማይክሮኮንትሮለር የሚባለውን ነገር መነካካት ጀመርኩ። ከጥፍር የማይበልጥ ቺፕ ነው፤ በሆዱ ግን ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ፕሮግራም ይጻፍለታል፣ ሽቦ ይበየድለታል፣ የታዘዘውን ይሠራል። የግቢ መብራት የሚያበራ፣ የውሃ ታንከር ሲሞላ የሚጮህ ነገር ሠርቻለሁ። ኪዳነ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። የኔን ሥራ "የመምህርት መጫወቻ" ይለው ነበር። ሓጎስ ሲሰማ ይስቃል፤ እኔ አልስቅም ነበር።

ከዚያ ሓጎስን ስትሮክ መታው። ዓይደር ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ መላ ሰውነቱ ከዳው፤ ምላሱም አብሮ ታሰረ። የምትታዘዘው የግራ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነበረች፤ እሷም ትንቀጠቀጣለች። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ "አእምሮው አልተነካም፣ ሁሉን ይሰማል፤ አጠገቡ የምትናገሩትን ተጠንቀቁ" አለችኝ። እኔ ተጠነቀቅሁ። ኪዳነ ግን ሓጎስ ራስጌ ቆሞ "አይ ወንድሜ፣ እንዲህ ሆኖ ይቅር?" ሲል ሰምቼዋለሁ።

ያን ክረምት ሳጥኑን ሠራሁ። ሳጥን የምለው የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ነው። በውስጡ ቺፑ አለ፤ ክዳኑ ላይ ከተሰበረ ማውዝ የነቀልኳት ማብሪያ አለች። በዩኤስቢ ገመድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው የጽሕፈት ሰሌዳ የተሰካ ይመስለዋል። በስክሪኑ ላይ የፊደል ገበታው ረድፎች በየተራ ይደምቃሉ። ሓጎስ የሚፈልገው ረድፍ ሲደርስ በጣቱ ይጫናል፤ ከዚያ የረድፉ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አንድ በአንድ ይደምቃሉ፤ እንደገና ይጫናል። ጣቱ ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ንክኪ ብዙ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ተከታትሎ የመጣውን ንክኪ ሁሉ ቺፑ እንደ አንድ እንዲቆጥረው አድርጌ ነው ፕሮግራሙን የጻፍኩት። መጀመሪያ የጻፈልኝ ቃል "ትራስ" ነበር። ትራሱ አንገቱን ሲያመው ከርሞ ነበር፤ እኔ አላወቅሁም። ትራሱን አስተካክዬ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ነገሩ የመጣው ኪዳነ "ሓጎስ ወደ እኔ ቤት ይምጣ" ሲል ነው። ቤቱ ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው፤ እናታቸውም እዚያ ናቸው። "ወንድም በወንድሙ ቤት ይጦራል" አለ። እኔ "ይጠየቅ" አልኩ።

"ማን ይጠየቅ?" አለኝ።

"ሓጎስ ነዋ። በሳጥኑ ይናገራል።"

"በሳጥኑ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።"

ሓጎስ እስኪታመም ድረስ ኪዳነ "አንቱ" ነበር የሚለኝ። ከታመመ በኋላ "አንቺ" አለኝ።

ጥርጣሬው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ራሱን የጽሕፈት ሰሌዳ ያስመሰለ ቺፕ፣ ሰው ሳይነካው የተጫነበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሊጽፍ ይችላል። ይህን ሞያው ያውቀዋል። "ውስጡ ምን እንደጫንሽበት በምን አውቃለሁ?" አለ። የደበቅሁት ነገር ስላልነበረ ሳጥኑንም፣ የጻፍኩትን ፕሮግራምም በፍላሽ አድርጌ ሰጠሁት። ኮሌጅ ወስዶ እንዲያየው፣ እሑድ በሽማግሌ ፊት እንዲመልሰው ተስማማን። ሓጎስ በሽማግሌዎቹ ፊት ራሱ ይናገራል፤ ቃሉም ይጸናል። እነዚያን ቀናት ባሌ አፍ አልነበረውም።

እሑድ መጡ። ሽማግሌዎቹ ኣቦይ ገብረሂወትና አንድ ቄስ ነበሩ። ኣቦይ ገብረሂወት የሓጎስ አባት የአጎት ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በአገር አቋራጭ አውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሱ፣ የእጅ ሰዓታቸውን በየማለዳው በሬዲዮ ዜና የሚያስተካክሉ ሰው። ሓጎስን አልብሼ፣ ጢሙን ላጭቼ፣ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ኪዳነ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረው። "ይኸው መምህርት፣ ንብረትሽ። ውስጡን አጽድቼዋለሁ። አሁን ወንድሜ ይናገር።"

ማብሪያዋን ከሓጎስ ጣት ሥር አድርጌ ገመዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። ያቺን የለመድኳትን የመግቢያ ድምፅ ስጠብቅ ሌላ ድምፅ መጣ። "የተሰካውን መሣሪያ ላውቀው አልቻልኩም" የሚል መልእክት ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ አለ። ነቅዬ ሰካሁ። ያው ነው። የፊደል ረድፎቹ ይደምቃሉ፣ ያልፋሉ፤ ሓጎስ ይጫናል፤ ምንም የለም።

"አያችሁ?" አለ ኪዳነ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "የሷን ካወጣሁት ወዲህ ሳጥኑ ዱዳ ሆነ። ሲናገር የነበረው ሓጎስ ቢሆን ዛሬም ይናገር ነበር።"

ቄሱ ሳጥኑን ራቅ ብለው አዩት። "ምን ነበረበት ማለት ነው? ሰይጣን?"

"ሰይጣን ገመድ አይፈልግም፣ አባ" አሉ ኣቦይ ገብረሂወት።

ሓጎስ መጫኑን አላቆመም። ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች ማብሪያዋ። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ያን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

"ኣቦይ፣ ጊዜ ስጡኝ" አልኩ።

"እስከ መቼ፣ ጓለይ?" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"እናንተ ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ።"

"ወደ ጓዳ ግን እንዳትወስጂው" አለ ኪዳነ።

"እዚሁ ነኝ።"

በገመዱ ጀመርኩ። የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ገመዶች ብዙዎቹ መልካቸው እንደ ሌላው ነው፤ ውስጣቸው ግን ያለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ኃይል ያሳልፋሉ፣ ወሬ አያሳልፉም። ኪዳነ ገመዱን ለውጦት እንደሆን ብዬ ሌላ አመጣሁ። ያው ነው። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። ያው ነው። በካቻቢቴ ክዳኑን ፈትቼ ብየዳውን አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ነካካሁት። አልላላም።

"ታዲያ ምን ታደክሚዋለሽ?" አለ ኪዳነ። "አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ያው ማውዝ ስጪው።" ከላፕቶፑ ጎን የነበረውን ማውዝ አንሥቶ ራሱ ከሓጎስ ጣት ሥር አደረገው። የሓጎስ ጣት ተንቀጠቀጠች፤ ፊደሉ እንደ ተበተነ ስንዴ ስክሪኑ ላይ ፈሰሰ። ሀሀሀለለ፣ ሐሐመ። ቄሱ ሊያነቡት ሞከሩና ተዉት።

ኪዳነ ሳቀ። "ይኸው፣ የወንድሜ ንግግር ይህ ነው።"

ሓጎስ ዓይኑን ጨፈነ። ባሌ አጠገቤ በኖረበት ዘመን ሁሉ ዓይኑን ሰው ፊት ጨፍኖ አላየሁትም። እኔም ማውዙን ነቅዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ።

ተቀምጬ መልእክቱን እንደገና አነበብኩት። "ላውቀው አልቻልኩም" ነው የሚለው። የተሰካ ነገር እንዳለ ኮምፒውተሩ ያውቃል ማለት ነው፤ ሽቦው ደኅና ነው። ኮምፒውተር አንድ ነገር ሲሰካበት "ማነህ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ቺፑም በተወሰነ ፍጥነት መመለስ አለበት። ቸኩሎ ወይም ተጎትቶ ከመለሰ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው መንተባተብ ብቻ ነው። ቺፑ እየመለሰ ነው፤ ግን ልኩን ስቷል።

"ኪዳነ፣ ምን አደረግህበት?"

"ምንም። ፕሮግራሙ ከሀ እስከ ፐ ራስሽ የሰጠሽኝ ነው። እሱኑ ጫንኩበት።"

ኣቦይ ገብረሂወት ጎንበስ አሉ። "ከመጫንህ በፊትስ፣ ወደይ፣ ልጄ?"

"ከመጫኔ በፊትማ የነበረውን አጠፋሁ።"

"ሁሉንም?" አልኩ።

"ሁሉንም። እንዲያ ካልሆነ ምኑን አጸዳሁት?"

ያን ጊዜ ገባኝ። የኔ ቺፕ ከውጭ ሰዓት ጠባቂ የለውም፤ በሆዱ ባለው ሰዓት ነው የሚሠራው። ያ ሰዓት ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይጎተታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልኩን የሚያስተካክል አንድ ቁጥር ይፈለግለታል። ያን ቁጥር ያኖርኩት ከፕሮግራሙ ውጭ፣ ቺፑ ውስጥ ባለች ሌላ ትንሽ ማስታወሻ ላይ ነበር። ኪዳነ "አጸዳሁ" ሲል እሷንም አብሮ ጠርጓታል። አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ኮምፒውተር አስተማሪ መሆኑን ግን ጽፌያለሁ።

ለሽማግሌዎቹ በሚገባቸው ቋንቋ ነገርኳቸው። "ሰዓቱ ተዛብቷል። ማስተካከያውን አጥፍቶታል።"

"ይህንንም እሷ ትለዋለች" አለ ኪዳነ። "አሁን ማስተካከያ ብላ የፈለገችውን ትጨምርበት?"

"እኔ አልነካውም" አልኩ። "አንተ ትነካዋለህ። ኣቦይ ደግሞ በሰዓታቸው ይዳኙናል።"

ሌላ አጭር ፕሮግራም አስጻፍኩት። ሳጥኑ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት አለች፤ ቺፑ እሷን አብርቶ፣ በራሱ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲሞላ እንዲያጠፋት። እኔ እየተናገርኩ ኪዳነ እየጻፈ፣ በሳጥኑ ገመድ ሳይሆን በተለየ ቺፕ መጫኛዬ በገዛ ጣቱ ጫነው። ኣቦይ ገብረሂወት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መብራቷ ስትበራ "ጀምሯል" አሉ። ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ "ሞላ" አሉ። መብራቷ አልጠፋችም። ትንሽ ቆይታ ጠፋች።

"ዘገየ" አሉ። "አውቶቡስ ቢሆን መንገደኛ ይሰድበኝ ነበር።"

"ቁጥሩን ከፍ አድርገው" አልኩት ኪዳነን። ከፍ አደረገው። እንደገና ተጠበቀ። አሁን ደግሞ ኣቦይ "ሞላ" ሳይሉ ጠፋች።

"ቸኮለ።"

"ቀንስ።"

ኪዳነ ቀነሰ። ላብ ግንባሩ ላይ ነበር። እንደሚሠራ ገብቶታል ብዬ አስባለሁ። ሓጎስ ዓይኑን ገልጦ መብራቷን እያየ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ በራች። ቄሱ ሳይቀሩ የኣቦይን ሰዓት በትከሻቸው በኩል ያዩ ነበር። "ሞላ" አሉ ሁለቱም፤ መብራቷም ቃላቸው ሳያልቅ ጠፋች።

ኪዳነ ቁጥሩን በቦታው አኖረው፤ ዋናውን ፕሮግራምም መልሶ ጫነ። ገመዱን የሰካው ራሱ ነው። ያቺ የመግቢያ ድምፅ መጣች።

"ሓጎስ" አሉ ኣቦይ ገብረሂወት። "ከማን ጋር ትኖራለህ? አንተ ራስህ በለን።"

የፊደል ረድፎቹ መደመቅ ጀመሩ። የመ ረድፍ ላይ ሲደርስ ተጫነ። እኔን ሊል ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሓጎስ "መምህርት" ብሎ ነው የሚጠራኝ። ግን መ አለፈች፣ ሙ አለፈች። ም ላይ ተጫነ። ከዚያ ስ። ክፍት ቦታ። ሓ፣ ወ፣ ይ።

"ምስ ሓወይ።" ከወንድሜ ጋር።

ለእኔ ሲጽፍ ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር። ያን ቀን ለነሱ በትግርኛ ጻፈ። ጣቱ አላረፈችም፤ አንድ ቃል ጨመረ። "ደኺማ።" ደክማለች።

ኪዳነ የወንድሙ ጉልበት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ቄሱ አማተቡ። በዚያ ሳሎን "ይህንን ያስጻፈችው እሷ ናት" ያለ ማንም አልነበረም። ቃሉ እንደ ፈለገው ሲወጣለት ኪዳነ ሳጥኑን አመነ።

"ጓለይ፣ ቃሉ ወጥቷል" አሉኝ ኣቦይ ገብረሂወት፣ ወደ መሬት እያዩ።

"ሰምቻለሁ" አልኩ።

ደክሞኛል ብዬ ለማን ነገርኩ? ለማንም። ጀርባዬን ስይዝ፣ ከአልጋ ሳነሣው ስቃትት አይቶኝ ይሆናል። አዘነልኝ ይሉኛል የሰሙት ሁሉ። ሊሆን ይችላል። እኔን ግን አልጠየቀኝም። ልብሱን አጣጠፍኩ፣ መድኃኒቱን በየሰዓቱ ለየሁ፣ ሳጥኑን ከላፕቶፑ ጋር አድርጌ ሰጠሁ። ቁጥሩንም በፕላስተር ላይ ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ፤ ዳግም ያጸዳው እንደሆን ብዬ።

ፍልሰታ አልፎ፣ መስቀል አልፎ፣ ሲያመኝ የከረመው ወገቤ ሲሻለኝ ኪዳነ ቤት ሄድኩ። በየጊዜው በስልክ ስጠይቅ "ደኅና ነው" ይሉኝ ነበር። ሓጎስ ንጹሕ አልጋ ላይ፣ ንጹሕ አንሶላ ለብሶ፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኝቷል። በዚህ አላማቸውም። ሳጥኑን በዓይኔ ፈለግሁት። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ገመዱ ተጠቅልሎበት፣ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ላፕቶፑን የኪዳነ ልጆች ወስደውታል።

"ለምን አልሰካችሁለትም?" አልኩት ኪዳነን።

"ምን ያደርግለታል? ያደክመዋል እንጂ።" ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። "የሚፈልገውን እኮ እናውቃለን። ያን ቀን ተናግሯል።"

የበደለኝ ያን እሑድ ነው ብዬ ነው የጀመርኩት። እሑድ የበደለኝ እኔን ነው። ይህ ግን በሓጎስ ላይ የተሠራ በደል ነው፤ ከኔው ይበልጣል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ መናገር ያቃተው ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው አንድ ጊዜ ተናገረ ማለት ለዘላለም ተናገረ ማለት አይደለም። ትናንት "ከወንድሜ ጋር" ያለ፣ ዛሬ "ትራሴን" ሊል ይችላል፤ ነገ ደግሞ ሌላ። ኮምፒውተሩ እንኳ ሳጥኑን "ላውቀው አልቻልኩም" አለ እንጂ "የለም" አላለም፤ በተሰካ ቁጥርም "ማነህ?" ብሎ እንደ አዲስ ይጠይቀዋል። እኛ አንዴ ጠይቀን የምንወደውን መልስ ካገኘን ገመዱን እንጠቀልላለን። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ማንም ሰው "የሚፈልገውን አውቃለሁ" ብዬ አላውቅም። ለኔ የሚያውቁልኝንም አልታገሥም።

ላፕቶፑን ከልጆቹ ተቀበልኩ። ሳጥኑን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ሰካሁት። ድምፁን ሲሰማ ሓጎስ ከግድግዳው ዞረ፤ በፊቱ ብቻ፣ እንደሚችለው። ጣቱን ማብሪያዋ ላይ አደረግሁለት። ብዙ ጻፈ፤ በአማርኛ ጻፈ። ምን እንዳለ እዚህ አላሰፍረውም፤ የጻፈው ለኔ ነው።

አስፋልት ድረስ ወጥቼ ሚኒባስ በኮንትራት ያዝኩ። ሾፌሩና ረዳቱ ተሸከሙልኝ። ኪዳነ በሩ ላይ ቆሞ "ሽማግሌ ሳይጠራ?" አለ። የሚኒባሱን በር ዘጋሁ። ሓጎስ ዓዲ ሓቂ፣ በራሱ አልጋ ላይ፣ ሳጥኑ እንደተሰካ ኖሮ እዚያው አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኪዳነ ሲሞት ለቅሶ አልሄድኩም።